ፒንክ ፍሎይድ «ተለያየ» ወይስ «ተለያዩ»?

አንድ አንባቢያችን ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ፒንክ ፍሎይድ ሲጽፍ «ባንዱ በ1965 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ፤ በኋላ ተጣሉ፤ ተለያዩም» አለ። ጓደኛው ግሦቹን በሙሉ ነጠላ አደረገበት። ማን ልክ ነው ብሎ ይጠይቀናል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ። «ስሙ ነጠላ ከሆነ ግሡም ነጠላ ይሁን፤ ብዙው ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው» የሚለውን ክርክር ስሰማው ኖሬያለሁ። እርግጥ እንግሊዞች ስለ ባንድ ሲያወሩ «ናቸው» ይቀናቸዋል፤ አሜሪካኖች «ነው» ይላሉ። እኛ ግን ከማንም አልቀዳንም። የመጽሐፍ ቅዱሱን አማርኛ የሚያውቅ ሰው «ሕዝቡም አሉ» የሚለው አዲስ አይሆንበትም።

ነገሩን የሚወስነው ግሡ ነው። «ተመሠረተ» ነጠላ ቢሆን ያምርበታል፤ ባንዱ እንደ አንድ ነገር ነውና። «ተጣላ» ሲባል ግን ጆሮ ወዲያው «ከማን ጋር?» ይላል። ተደራራጊው አምድ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚደረገውን የሚናገረው የግሥ ቅርጽ፣ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከባንዱ ወጥቶ፣ በዓመቱ ዴቪድ ጊልሞርና ኒክ ሜሰን በስሙ እንዳይጠቀሙ ፍርድ ቤት ሲሄድ የተጣሉት እርስ በርሳቸው ነው። «ፒንክ ፍሎይድ ተጣላ» ብለው ቢጽፉ ከሌላ ባንድ ጋር የተጋጨ ይመስላል።

ከዚህም የሚከብድ አለ። የ1967ቱን የመጀመሪያ አልበም አብዛኞቹን ዘፈኖች የጻፈው ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ከባንዱ ወጣ። በ1975 ጓደኞቹ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈ ዘፈን እየሠሩ ሳሉ አንድ የወፈረ ሰው ገባ፤ ራሱንም ቅንድቡንም ተላጭቷል። አላወቁትም። ባሬት ነበር። ሲገባቸው ያለቀሱም አሉ። አሁን ይህንን «ባንዱ አላወቀውም» ብለው ይጻፉትና ያንብቡት። የሰው ዓይን የለበትም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ያልተቀበለ ነው የሚመስለው።

«ባንድ» ራሱ የሰው ስብስብ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከጀርመናውያን ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ሥሩ ዓርማ፣ ምልክት ማለት ነበር፤ በአንድ ዓርማ ሥር የተሰለፉ ሰዎች ባንድ ሆኑ። ጣልያንኛው «ባንዳ» ከዚያው ሥር ነው፤ እኛ ዘንድ ለጠላት ያደረውን የምንሰድብበት ቃል ማለት ነው። ከጥያቄው እንደወጣሁ አውቃለሁ፤ ግን ሁለቱ ዘመዳሞች እንደሆኑ ካወቅኩ ወዲህ ሳልናገር ማለፍ አልሆንልህ ብሎኛል።

«ፒንክ ፍሎይዶች»ስ? ስታዲየም «ጊዮርጊሶች»፣ «ቡናዎች» ካልን ሰዋስው አይከለክለውም። እኔ ግን አልወደውም። ባሬት ስሙን ያወጣው ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ የብሉዝ ሙዚቀኞች ነው፤ ሁለት ሰው ባለበት ስም ላይ «ኦች» መጨመር ይጎረብጠኛል። ማስረጃ አይደለም፣ የጆሮ ጉዳይ ነው። «እነ» እያለልን ደግሞ ምን አስቸገረን? የ1973ቱን ዝነኛ አልበም እነ ዋተርስ ሠሩት፤ የ1987ቱን እነ ጊልሞር። ማን እንደነበረና ማን እንደሌለ በሁለት ፊደል ተነገረ።

አሁን አሁን በየሬዲዮው «ባንዱ ተለያየ» ሲባል እሰማለሁ። ለእኔ «ተለያየ» ዓይነቱ በዛ እንደማለት ነው። ሰው ግን ይግባባበታል፣ ወጣቶቹም ለምደውታል፤ እንግዲህ ስሕተት ነው ብዬ መሟገቱን ትቻለሁ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን።

አንዱን ግን አልለቅም። በ2005 ጁላይ 2 ቀን ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ሜሰንና ሪቻርድ ራይት ከ24 ዓመት በኋላ ለንደን ሃይድ ፓርክ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ተጫውተው ሲጨርሱ አራቱም ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉና ለሕዝቡ እጅ ነሱ። «ፒንክ ፍሎይድ ተቃቀፈ» ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጓደኛዎንም ይጠይቁት፤ እሱም አይለውም። «ተመሠረተ»ን እንዳለ ይተዉት፣ «ተጣሉ»ንና «ተለያዩ»ን ይመልሷቸው።