ላይገር ለምን ይገዝፋል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከጅሬን፦ ከአንበሳና ከታይገር የሚወለደው ላይገር ከአባቱም ከእናቱም ይበልጣል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሄርኩለስ የተባለ ላይገር 418.2 ኪሎ መዝኖ ጊነስ ላይ ተመዝግቧል፤ ትልቅ ወንድ አንበሳ ግን 250 ኪሎን ብዙም አያልፍም። እስካሁን አሳማኙ ማብራሪያ ይሄ ነው። አንዲት እንስት አንበሳ ከመንጋው ከአንድ በላይ ወንዶች ጋር ስለምትገናኝ፣ የአባት ጂኖች የራሳቸው ግልገል ቶሎ እንዲገዝፍ ይገፋሉ፣ የእናት ጂኖች ደግሞ ፍሬን ይይዛሉ። እንስት ታይገር ያን ያህል ፍሬን የላትም። ስለዚህ አባት አንበሳ እናት ታይገር ሲሆኑ ግፊቱ ያለ ከልካይ ይቀራል። ገልብጡት፣ አባት ታይገር እናት አንበሳ ይሁኑ፤ የሚወለደው ታይጎን ከወላጆቹ አይበልጥም። ላይገር ዕድሜ ልኩን ያድጋል የሚባለውን ግን አትመኑ።

ከቆጪ፦ በቅሎ አትወልድም። ላይገርስ?

ወንዱ መካን ነው፣ ሴቷ ግን ልትወልድ ትችላለች። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም (ጂኖችን የሚሸከሙ የሴል ክሮች) ስላላቸው በቅሎ 63 ይደርሳታል፤ ጎዶሎ ስለሆነ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይገጥምም። አንበሳና ታይገር ግን ሁለቱም 38 ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ኖቮሲቢርስክ መካነ አራዊት ውስጥ አንዲት ላይገር ከአንበሳ ወልዳለች።

ከአጋሮ፣ ቡና አምራች ነኝ፦ ገሰላ የአንበሳና የነብር ዲቃላ ነው ይሉናል።

አይደለም ጋሼ። ገሰላ ራሱ ነብር ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት ጂን ሲደርሰው ነው፤ ለዚህ ነው ዥንጉርጉር ወላጆች ጥቁር ግልገል የሚወልዱት። ፀሐይ ላይ ቀረብ ብሎ ላየው ነጠብጣቦቹ ከጥቁሩ ስር ይታያሉ። የነብርና የአንበሳ ዲቃላ የተወለደው ሰው አንድ ላይ ሲያሳድጋቸው ነው፣ ለምሳሌ ጃፓን ውስጥ በ1959 እ.ኤ.አ.።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ላይገር እኛም አገር ቢራባ ቱሪስት አያመጣም?

እኔ በፍጹም አልደግፍም። እናትየው ከአቅሟ በላይ የገዘፈ ግልገል ተሸክማ ትቸገራለች፣ አንዳንዴም በኦፕሬሽን ነው የምትገላገለው። ግልገሎቹም ብዙ ጊዜ በሽተኛ ሆነው ይወለዳሉ። ዱር ውስጥ የሚጠብቃቸው ቦታ የለም፣ ዕድሜያቸውን አጥር ውስጥ ነው የሚጨርሱት። ገንዘብ ካለ የራሳችን አንበሶች የሚኖሩበት ጫካ ይጠበቅበት።

ከሂርማታ፦ ላይገር ውሃ ይወዳል?

አዎ፣ ይዋኛል። ይሄን ከእናቱ ነው የወረሰው።