ትልቅ ሞተር ሳይክል ቆሞ ሲወድቅ

ጥያቄው ከጎንደር የመጣ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንግዳ ይዤ ወደ ሰሜን ተራሮች እመላለሳለሁ። በፈረንጆቹ 2016 የተሠራ ያገለገለ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን ገዛሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ወድቆብኛል፤ አንዱም በፍጥነት ስሄድ አይደለም። መጀመሪያ ከፒያሳ ቁልቁል ኮብልስቶን ላይ ስታጠፍ ባጃጅ ፊቴ ቆመ፤ ፍሬን ስይዝ ወደቀ። ሁለተኛው አዘዞ መንገድ ዳር ነው፤ ልቆም ቀኝ እግሬን ሳወርድ መሬት አጣሁ። ሦስተኛው ደባርቅ አካባቢ ጠጠር ዳገት ላይ ነው። ላዞረው ስል ሞተሩ ጠፋና በግራ ወደቀ። ሰው እስኪመጣ ተኝቶ ቆየ። ካነሣነው በኋላ እምቢ አለ፤ ቆይቶ ሲነሣ ደግሞ ነጣ ያለ ጭስ አጨሰ። አሁን ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነው። የፍሪሲዮኑ እጀታም ጎብጧል። ሞተሩ ተበላሽቶ ይሆን? ወገቤንም አሞኛል። ዝቅ ላስደርገው ወይስ ልሽጠው?»

ወንድሜ፣ እንኳን እግርህ ከሥር አልገባ። እንድትሸጠው አልመክርህም። የጻፍከውን ሳነበው ሦስቱም አወዳደቅ የየራሱ ምክንያት አለው፤ አንዱም የጉልበት ማነስ አይደለም። መጀመሪያ ግን ሞተር ሳይክሉን እንይ፤ ነገ ልትነዳው ነውና።

እምቢ ያለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አፍሪካ ትዊን ከልክ በላይ ማጋደሉን የሚያውቅ ሴንሰር አለው። ሲወድቅ ሞተሩን እሱ ራሱ ያጠፋዋል። ቀና ካደረግኸው በኋላ ቁልፉን ዘግተህ እንደገና ካልከፈትክ አይነሣም። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ደጋግሞ እየነካ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ሞተሩ ሞተ ብሎ ይደነግጣል።

ጭሱ ደግሞ ከዘይት ነው የሚመጣው። በጎኑ ተኝቶ ሲቆይ ከታች መቀመጥ የነበረበት ዘይት ቦታው ወዳልሆነ ይሄዳል። ገሚሱ የፒስቶኑን ቀለበት አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ገሚሱ በመተንፈሻው ቱቦ በኩል ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) ቤት ይደርሳል። ሞተሩ ሲነሣ ያ ዘይት ይቃጠላል። ጭሱ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ አትጨነቅ። ሌላ ቀን ስታስነሣውም ካጨሰ ግን የዲፕራተሩን ቤት አስከፍተህ እይ። ማጣሪያው በዘይት ከራሰ ለውጠው። ዘይቱንም ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መመሪያው በሚለው መንገድ ለካ። ራዲያተሩ በግራና በቀኝ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የግራው ተገጭቶ ውሃ ያንጠባጥብ እንደሆነ ከሥሩ ካርቶን አንጥፈህ አሳድረው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከወደቀበት ተነሥቶ ሞተሪኖውን ስትነካ አንዴ ጓ ብሎ ቀጥ ካለ፣ ሁለተኛ አትንካው። ዘይት ወይም ቤንዚን ሲሊንደሩን ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ አይጨመቅም። በግድ ላዙረው ስትል ቢየላው፣ ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይታጠፋል፤ ያኔ ጉዳዩ እጀታ መለወጥ መሆኑ ይቀርና ሞተር ማውረድ ይመጣል። ካንዴላዎቹን (እሳት ሰጪዎቹን) አስፈትተህ ፈሳሹ ይውጣ፣ ከዚያ ይነሣል። ለዚህ ነው ሞተር ሳይክል ሲወድቅ ከሁሉ በፊት ማጥፊያውን ተጫን፣ ቁልፉን ዝጋ፣ ቶሎ አንሣው፣ ካነሣኸው በኋላ ግን ለማስነሣት አትቸኩል የምለው። ትንሽ ይቁም። ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ያንተም ትንፋሽ ይመለስ።

መሪው ወደ ግራ የዞረብህ ጉዳይ ሰውን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ጋራዥ ስትወስደው «ሾኩ ታጥፏል፣ ይለወጥ» ሊሉህ ይችላሉ። ቆሞ በወደቀ ሞተር ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ነገር የለም። ሁለቱ የፊት ሾኮች በያዟቸው ሳህኖች ውስጥ ትንሽ ዞረው ነው። ጎማው ወደ አንድ በኩል፣ መሪው ወደ ሌላ በኩል ያያል። መጀመሪያ መሪው ራሱ አለመጉበጡን ከፊት ለፊት ቆመህ አረጋግጥ። ከዚያ የፊት ፔርኖውን (የጎማውን ዘንግ) የሚያጠብቁትን ብሎኖች፣ ፔርኖውንና የታችኛውን ሳህን ብሎኖች አላላ። የላይኛውን ሳህን አትንካ፤ ሾኮቹን እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው እሱ ነው። ጎማውን በጉልበቶችህ መሃል ያዝና መሪውን ወደ ቦታው ጠምዝዘው። ካላላህ በኋላ የፊቱን ፍሬን ይዘህ መሪውን ወደ ታች ደጋግመህ ተጫን፤ ሾኮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። ማጥበቁ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ) ይሁን፣ በመመሪያው ልክ። ጎማ ነውና በግምት አይጠበቅም። ይህን ሁሉ ሠርተህ አሁንም ወደ ግራ ካየ፣ ያኔ ሾኮቹ ወጥተው በቶርኖ ቤት ይለኩ።

አሁን ወደ አወዳደቁ እንምጣ። ይህ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ሞልቶ 230 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) 18.8 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ከጉልበትህ በላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የጎን ሳጥኖችና የእንግዳህ ሻንጣ ሲጨመሩበት ከዚያም ይከብዳል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን በሁለት ጣት ትይዘዋለህ። ትንሽ ሲያጋድል በእግርህ ትመልሰዋለህ። ከዚያ ካለፈ ማንም አይመልሰውም፣ ጉልበተኛ የሚባለውም ቢሆን። ያንን ልክ ሲያልፍ ልቀቀውና እግርህን አርቅ። መሪውን ይዘህ አብረኸው አትውረድ። የጎን ሳጥን ካለው በተለይ ቁርጭምጭሚትህ ከሥሩ እንዳይቀር ተጠንቀቅ። እጀታ ገበያ ላይ አለ፤ ቁርጭምጭሚት የለም።

የመጀመሪያው፣ የፒያሳው፣ የፊት ፍሬን ነው። መሪው ዞሮ ሳለ የፊቱን ፍሬን ስትጨብጥ ክብደቱ ሁሉ ወደ ዞርክበት በኩል ይደፋል። ፍጥነት ስለሌለ ቀና የሚያደርገው ነገር የለም። ኤቢኤሱም (ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው) በእርምጃ ፍጥነት አይደርስልህም። ስለዚህ በእርምጃ ፍጥነት ስትሄድና መሪው ሲዞር ቀኝ እጅህ ከፍሬኑ ይራቅ። ጣቶችህን በሙሉ ጋዙ ላይ አድርግ። የምትቆመው በኋላ ፍሬን ነው፣ በእግርህ። የፊቱን የግድ ከያዝክ መጀመሪያ መሪውን አቅና። በጎንደር ቁልቁለት ኮብልስቶኑ በክረምት ሲረጥብ ይህ ልማድ ከሌለህ መውደቅህ አይቀርም።

ሁለተኛው የቀኝ እግር ነው። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፣ አስፋልቱም ወደ ዳሩ ያጋድላል፤ ቦዩም በቀኝ ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር ስትቆም በቀኝህ ያለው መሬት ሁልጊዜ ዝቅ ያለው ነው። ያንተ ቁመት ላለው ሰው ደግሞ ያቺ ጥቂት ሣንቲ ሜትር ብዙ ናት። ግራ እግርህን አውርድ። ግራው መሬቱ ከፍ ባለበት በኩል ነው፤ ቀኙ ደግሞ የኋላውን ፍሬን እንደያዘ ይቀራል። በሁለት እግር ጫፍ ከመንጠልጠል መቀመጫው ላይ ወደ ግራ ጋደል ብለህ አንድ እግርህን ሙሉ በሙሉ ብታስቀምጥ ይሻላል።

እዚሁ ላይ የማቆሚያውን ነገር ልጨምር። የጎን ማቆሚያው በግራ ነው። መንገዱ ወደ ቀኝ ያጋደለበት ቦታ ስታቆመው ከመጠን በላይ ቀጥ ይላል፣ ነፋስ ወይም የሚያልፍ ሰው ቢነካው በቀኝ ይሄዳል። ቁልቁል ካቆምከው ደግሞ ወደ ፊት ተንሸራቶ ማቆሚያው ይታጠፋል። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ ዳገት፣ ማርሹን አንደኛ አድርገህ አቁም። ወደ ጎርጎራ ስትወርድ የደምብያ ጥቁር አፈር ዝናብ ከጠጣ ማቆሚያውን ይውጠዋል። ጠፍጣፋ ብረት በማቆሚያው እግር ላይ ማስበየድ ትችላለህ፤ እስከዚያው አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል።

ሦስተኛው፣ የዳገቱ፣ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የቤንዚኑን መጠን ሞተር ሳይክሉ ራሱ ያስተካክላል፤ የጎደለውን አየር ግን አያመጣም። ስለዚህ ቆላ ላይ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጥ) ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርገህ የምትዞረው አዟዟር ደባርቅ ላይ ሞተሩን ያጠፋዋል። ዝግ ብለህ ስትዞር ጋዙን ትንሽ ከፍ አድርገህ እዚያው ያዘው። ፍጥነቱን በፍሪሲዮንና በኋላ ፍሬን አስተካክል፤ ጋዙን አትዝጋ። ዓይንህ ጎማው ሥር አይሁን፤ ልትደርስበት ያሰብከውን ቦታ እይ።

ዳገት ላይ ግን እንግዳ ጭነህ፣ ጠጠር ላይ፣ አንድ ጊዜ በክብ ለመዞር አትሞክር። እንግዳህ ይውረድ። መሪውን ወደ ዳገቱ አዙረህ ቀስ ብለህ ውጣና በፍሬን ቁም። ከዚያ ክብደቱ ራሱ ወደ ኋላ ይወስድሃል፣ አንተ በፍሪሲዮንና በፍሬን እየያዝክ ወደ ኋላ ልቀቀው። ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብለህ ታዞረዋለህ። ይህን ሁሉ አንድ እሑድ ጠዋት ሜዳ ቦታ ፈልገህ ሞክረው። ሳጥኖቹን አውርድ፣ ሰልባቲዮው ሩብ ይሁን። የፊቱን ፍሬን ሳትነካ በአንደኛ ማርሽ ስምንት ቁጥር እየሠራህ ዙር።

ወገብህን ያሳመመህ አነሣሥህ ነው። ፊትህን ወደ ሞተር ሳይክሉ አዙረህ ጎንበስ ብለህ አትጎትት። ሳጥኖቹን ፍታ። በግራ ከወደቀ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙረው። ጀርባህን ሰጥተህ መቀመጫህን ከእሱ መቀመጫ ጠርዝ ጋር አስደግፈህ ቁጢጥ በል። በቀኝ እጅህ የግራውን የመሪ ጫፍ፣ በግራ እጅህ የኋላውን ብረት ያዝ። ጀርባህ ቀጥ ይበል፣ ክንድህ አይታጠፍ። በእግርህ ብቻ እየገፋህ ወደ ኋላ ትንንሽ እርምጃ ተራመድ። ቀና ሲል በተረከዝህ ማቆሚያውን አውጣ። በቀኝ ከወደቀ ግን ማቆሚያውን ከማንሣትህ በፊት አውጥተህ አስቀምጥ፣ አለዚያ በሌላኛው በኩል ይሄድብሃል። አንደኛ ማርሽ ላይ ካልሆነ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ የፊቱን ፍሬን በላስቲክ እሰረው። ዳገት ላይ ጎማዎቹ ወደ ላይ ከሆኑ መጀመሪያ በጎን መከላከያ ብረቱ ላይ አሽከርክረህ ጎማዎቹን ወደ ታች አድርግ።

እኛ አገር ሰው ሲወድቅ የሚሮጥ አይጠፋም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁሉም ያገኘውን ይጎትታል፤ ፍሬቻውን፣ መስተዋቱን፣ የጋለውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)። አንተ ተናገር። አንዱን ከኋላ ብረቱ፣ አንዱን ከመከላከያው ብረት አስይዝ፤ ሦስተኛው በማዶ ቆሞ እንዳያልፍ ይጠብቅ።

ዝቅ ላስደርገው ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ መቀመጫውን እይ። የዚህ ሞተር ሳይክል መቀመጫ በሁለት ከፍታ ይገባል፣ 87 ሣንቲ ሜትርና 85። የሸጠልህ ሰው በላይኛው ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የኋላው ሞላ ለሁለት ሰው ጠብቆ እንደሆነ እይ፤ ብቻህን ስትነዳ አላላው። ሶሉ ወፍራም ጫማም ይረዳል። የኋላውን ሾክ ማያያዣ ብረት አስለውጦ ዝቅ ማስደረጉን ግን በመጨረሻ አስበው። የሊማሊሞ ድንጋይ ሆዱን ይገጨዋል። ማቆሚያውም አብሮ ካላጠረ ቆሞ ሳለ በቀኝ ይወድቃል።

የጎበጠውን እጀታ ቀዝቃዛውን ለማቅናት አትሞክር፤ ይሰበራል። ጣትህን የሚያስገባ ከሆነ እስክትለውጠው እንዳለ ንዳው። አዲሱን ስትገጥም መሪው ላይ የሚያስረውን ክብ ከማጥበቅህ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን ነጭ ቴፍሎን መሪው ላይ ጠቅልል። ብሎኑን ስትነዳ የማይነቃነቅ፣ በእጅህ በኃይል ስትመታው ግን የሚዞር አድርገው። ሲወድቅ ዞሮ ያልፋል እንጂ አይሰበርም። የእጅ መከላከያህ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ውስጡ አሉሚኒየም ባለው ለውጠው፤ ጫፉ ከመሪው ጫፍ ጋር የሚታሰረውን ፈልግ። ወደ ደባርቅ ስትወጣም አንድ የፍሪሲዮንና አንድ የፍሬን እጀታ ከመፍቻቸው ጋር ሳጥንህ ውስጥ ይኑር።