«ስቅም ብቻ ነው የማጨሰው»

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነርስ ነኝ። የቲቢና የአስም ታካሚዎቼን ሲጋራ እንዲያቆሙ ስመክር «እሺ ሲስተር» ይሉኛል፤ በወሩ ሲመለሱ ግን ያው ናቸው። ብዙዎቹ «ጫት ስቅም ብቻ ነው የማጨሰው» ይላሉ። ወረፋው ብዙ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ያጨሳሉ?» ከማለት ይልቅ ጠዋት በተነሱ በስንት ደቂቃ እንደሚለኩሱ ይጠይቁ። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው፣ «ስቅም ብቻ» ቢልም፣ ሱሱ ጠንካራ ነው። ጠዋቱን ሳያጨስ ውሎ በርጫ ላይ ግማሽ ፓኬት የሚጨርሰውን የሚጠራው ደግሞ ሰዓቱና ቦታው ነው። እሱን ምክር ብቻ አይመልሰውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የማቆሚያ ቀን ያስቆርጡት፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከበርጫ እንዲቀር ይስማሙ። ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል ሳይነግርዎት አይሸኙት። በሺሻ እተካለሁ ካለ አላቆመም።

ጭንቀቱና ብስጭቱ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጠሮውን በወር አያድርጉት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያግኙት ወይም ይደውሉለት። የቲቢ ታካሚ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ መጠየቅ ይቀላል።

የኒኮቲን ማስቲካ ከተገኘ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩሰው ባለ 4፣ ለሌላው ባለ 2 ሚሊግራም ነው። ቀስ ብሎ አኝኮ፣ ምላሱን ሲቆጠቁጠው ጉንጩ ሥር ያሳርፈዋል (ይህን ለቃሚ ማስተማር አያስቸግርም)። እንደ ተራ ማስቲካ ካኘከው ኒኮቲኑ ወደ ሆድ ይወርድና ስቅታና ቃር ያመጣበታል። ከማኘኩ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘከ ሳለ ቡናም ለስላሳም አይጠጣ፤ መጠጦቹ ኒኮቲኑ ከአፍ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቡና ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራው ሲቆም ያንኑ ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው ካፌይኑ በደሙ ውስጥ ይቆይበታል፤ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ «ሲጋራ በማቆሜ ነው» ብሎ ተመልሶ ይለኩሳል። ስኒውን በግማሽ ይቀንስ። ቲዮፊሊን የሚወስዱ የአስም ታካሚዎችዎ ላይም ይኸው ይደርሳል፤ መጠኑ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ማስታወክና የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የማቆሚያው ቀን ከመድረሱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

አንድ ፍሬ አጭሶ ከመጣ አይቆጡት። ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደነበር ጠይቀው፣ አዲሱን ቀን እዚያው ካርዱ ላይ ይጻፉለት።