ኮምፒውተሬ ላይ ምን ልጫን? ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

«ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ምን ልጫንበት?» ይህ ጥያቄ ከደብረ ብርሃንም፣ ከመንዝም፣ ከሸዋ ሮቢትም ይመጣል። ኮምፒውተር መጠገንና ሰው ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጠየቃችሁ፤ ደስ ብሎኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ።

አስቀድሜ መመዘኛዬን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ሥራችንን ይዞ መሄድ የለበትም። ዋጋው ከአቅማችን በላይ ከሆነ ደግሞ ክራክ (ሳይከፈልበት ፈቃዱን በሕገ ወጥ መንገድ የሚሰብር) ከመፈለግ በሕጋዊ መንገድ ነፃ የሆነውን እንመርጣለን። ነፃ የሆኑት ብዙ ናቸው፤ ጥሩም ናቸው።

ጥያቄ፦ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን) ወንድሜ፣ ቤተሰቦቼ ላፕቶፕ ገዝተውልኛል። የሸጠልን ልጅ ብዙ ነገር ጭኖበታል፤ ግማሹን ምን እንደሆነ አላውቀውም። የግድ የሚያስፈልገኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ። የማታውቂውን ከማጥፋትሽ በፊት ስሙን ፈልገሽ አንብቢ። የድምፅና የዋይፋይ ድራይቨሮችን (ክፍሎቹን የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) እንዳትነኪ። ጨዋታዎቹንና «ኮምፒውተር አፍጣኝ» የሚሉትን ግን ያለ ሐሳብ አጥፊ፤ ከማፍጠን ይልቅ ያዘገያሉ።

ለተማሪ የምመክረው ይህን ነው። ለኢንተርኔት ፋየርፎክስ፣ በላዩ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ተጨማሪ። ማስታወቂያ ያግዳል፤ ማስታወቂያው ካልወረደ ደግሞ ዳታሽ ይተርፋል። ለጽሑፍ ሊብረኦፊስ። ለፒዲኤፍ ሱማትራ፤ ትንሽ ናት፣ ወፍራም መጽሐፍ እንኳ ወዲያው ትከፍታለች። የታመቀ ፋይል ለመክፈት ሰቨን ዚፕ፤ ሁለት ሜጋባይት እንኳ አትሞላም። ለቪዲዮ ቪኤልሲ። ቪኤልሲ በ1996 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የተጀመረ ሥራ ነው። ያገኘውን ዓይነት ሁሉ ያጫውታል፤ ሌላ ኮዴክ (የቪዲዮ መፍቻ) ፍለጋ አትዞሪም። አማርኛ ለመጻፍ ኪይማን። ቴሌግራም እንደሚኖርሽ አልጠራጠርም።

አንድ ልጨምርልሽ፦ ኤቭሪቲንግ የሚባል ፋይል ፈላጊ አለ። የፋይሉን ስም ግማሹን ስትጽፊ ያለበትን ያሳይሻል። ፈተና ሲደርስ ሃንድአውት የምትፈልጊበት ሰዓት ይቀርልሻል።

ጥያቄ፦ (መምህር፣ መሐል ሜዳ) ኦፊሱ «አክቲቬት አድርግ» እያለ አላሠራ አለኝ። አንድ ልጅ ክራክ ልጫንልህ ይለኛል። ላስጭን ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ መምህር፣ ይቅርብዎ። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉለት ነው። ቤቱን ክፍት ካደረጉለት በኋላ ምን ይዞ እንደገባ ማን ያውቃል? የተማሪ ውጤትና የራስዎ የይለፍ ቃል የተቀመጠበት ማሽን ነው።

ሊብረኦፊስን ይጫኑ። መጠኑ ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው፤ አንዴ ካወረዱት ግን ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ራይተር በወርድ፣ ካልክ በኤክሴል፣ ኢምፕረስ በፓወርፖይንት ቦታ ይሠራሉ። የማርክ ዝርዝር፣ ድምርና አማካይ፣ ደረጃ ማውጣት ያለ ችግር ይሠራል። የሚያስቸግረው ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ትእዛዝ) ያለበት የኤክሴል ፋይል ነው፤ እሱ ሁልጊዜ አይስማማውም።

ሁለት ነገር ያስተካክሉ። በኦፕሽን ውስጥ ሲያስቀምጥ በወርድና በኤክሴል ዓይነት እንዲያስቀምጥ ያድርጉት፤ ያኔ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የላኩት ፋይል አልከፈት አይልም። የሚታተም ፈተና ሲሆን ደግሞ በፒዲኤፍ ያውጡት። ወርድ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት መስመሩ ይዛነፋል፤ ፒዲኤፍ እንዳለ ይቀራል።

ጥያቄ፦ (የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፣ ሸዋ ሮቢት) ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው የአማርኛ ጽሑፍ እኛ ጋ ሲከፈት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ ችግሩ የቆየ ፎንት ነው። ድሮ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ የጥንቶቹ ፎንቶች በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ ያለበት ማሽን አማርኛ ያያል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ ያያል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የትም ዓለም የማይለወጥ ቁጥር አለው። ሆኖም በድሮው መንገድ የተጻፈ ደብዳቤና መተዳደሪያ ደንብ ዛሬም በየፍላሹ አለ።

እንዲህ አድርግ። ጽሑፉን ምረጥና የፎንት ሳጥኑ ውስጥ የሚታየውን ስም አንብብ። ያንን ፎንት ከደንበኛው አስመጥተህ ጫን፤ ይስተካከላል። ለወደፊቱ አንተ የምትጽፈውን ሁሉ በዩኒኮድ ጻፍ። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ጥሩ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በነፃ ይወርዳሉ። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመደች ጸሐፊ ካለችህ አታስጨንቃት፤ የዩኒኮዱን ፎንት መርጣ እንድትጽፍ ብቻ አድርግ።

ጥያቄ፦ (የዚያው ቤት ባለቤት) ሌላው ያስመረረን የፍላሽ ቫይረስ ነው። ሰው ፍላሹን ይሰካል፣ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል።

መልስ፦ ፋይሉ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፋይል ደብቆ በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሁለቴ ስትጫን ቫይረሱን ራስህ አስነሳኸው ማለት ነው። ስለዚህ አትጫነው። በፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ፤ «የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውንም ምልክት አንሳ። እውነተኛዎቹ ብቅ ይላሉ። የምትፈልጋቸውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጥ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር አስፈትሽ፣ ፍላሹን ባለቤቱ ከፈቀደ ፎርማት አድርገው።

ለእንደናንተ ዓይነት ቤት ግን ከዚህ የተሻለ መላ አለ። አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑና የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ይሰካ። ለዊንዶውስ የተሠራ የፍላሽ ቫይረስ እዚያ አይነሳም፤ የተደበቀው ፋይልም ያለ ጣጣ ይታያል። ሰነዱን ብቻ ወስዳችሁ ማተም ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካው እናንተ ጋ ስለሆነ፣ እናንተ ንጹሕ ስትሆኑ ቆላው በሙሉ ይጸዳል።

የእናንተ አካባቢ ሙቀትም አለ። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ስታክ ማድረግ ካበዛ፣ ሶፍትዌር ከመወንጀልህ በፊት ፋኑን ከአቧራ አስጠርግ።

ጥያቄ፦ (እነዋሪ) መብራት ሲሄድ የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል።

መልስ፦ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልግሃል፤ ይህን ሶፍትዌር አይተካውም። ሊብረኦፊስ ግን በየ10 ደቂቃው ለመልሶ ማግኛ ያስቀምጣል፤ ወደ 2 ደቂቃ አውርደው። ኮንትሮልና ኤስን በየአንቀጹ መጫን ልመድ።

ጥያቄ፦ (ደብረ ሲና) ዊንዶውስ 10 አለቀ አሉ። የእኔ ላፕቶፕ ወደ 11 አያልፍም። ልሽጠው?

መልስ፦ አትሽጠው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን አልሞተም፤ አዲስ የደኅንነት ማስተካከያ ግን እንደ ወትሮው አያገኝም። ለግል ተጠቃሚ ማይክሮሶፍት የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ፈቅዷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ ከአፕዴት ገጹ ላይ ትመዘገባለህ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ያቆይሃል።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና፣ ኢንቴል ከሆነ ባብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ማሽንህ ከዚያ በታች ከሆነ በጉልበት ከመጫን ሊኑክስ ሚንትን ሞክር። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነቱ 2 ጊጋባይት ራም ላይም ይነሳል፤ 4 ቢኖር ይመረጣል። ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ባዶ ፍላሽ ላይ ጻፈው። ፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋልና ፋይል ካለህ አስቀድመህ አውጣ። ከዚያ ሳትጭነው ከፍላሹ ላይ አስነስተህ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን እይ። ፋየርፎክስ፣ ሊብረኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ቴሌግራም፣ ኪይማን ሁሉም እዚያ አሉ።

የምታወጣው ትንሽ ገንዘብ ካለህ ደግሞ የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (ፈጣን በሆነው አዲሱ የማስቀመጫ ዓይነት) አስቀይር። ላረጀ ላፕቶፕ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላየሁም።

ጥያቄ፦ (ተመራቂ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን) ለመመረቂያ ጽሑፌ ኤስፒኤስኤስ ግዴታ ነው? ማጣቀሻዎቼም ተደበላልቀውብኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ አማካሪህን ጠይቅ፤ አንዳንዱ የኤስፒኤስኤስ ሠንጠረዥ ካላየ አይቀበልም። ሌላ የሚቀበል ከሆነ ጃሞቪና ጃስፕ የሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። የኤስፒኤስኤስን ፋይል ይከፍታሉ፤ ቲ-ቴስት፣ አኖቫ፣ ሪግሬሽን ይሠራሉ። ሠንጠረዣቸውም ንጹሕ ነው።

ለማጣቀሻ ዞቴሮ። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይጭን ተመራቂ ያሳዝነኛል። ጽሑፉን ከብራውዘር ላይ በአንድ ቁልፍ ትሰበስባለህ። ወርድ ወይም ራይተር ላይ ስትጠቅስ የማጣቀሻ ዝርዝሩን ራሱ ያወጣልሃል። አማካሪህ «ስልቱን ቀይር» ቢልህ በአንድ ጠቅታ ይቀየራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኢትዮጵያውያንን ስም የራስንና የአባትን ለያይቶ ይገለብጠዋል። ዩኒቨርሲቲህ ስማችንን በሙሉ ጻፉ ካለ፣ የስም ሳጥኑን ወደ አንድ ሳጥን ቀይረህ ሙሉውን አስገባ።

ጥያቄ፦ (የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ፣ አረርቲ) የጤፍ ገቢና ወጪ በኤክሴል እንይዛለን። ፒችትሪ እንግዛ?

መልስ፦ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ዛሬ ሴጅ 50 በሚል ስም ነው የሚሸጠው። ለመግዛት ከመቸኮል ኦዲተራችሁን አማክሩ፤ የአባልና የአክሲዮን መዝገብ ከሆነ ሠንጠረዥ ሊበቃችሁ ይችላል።

ሠንጠረዡ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኤክሴልም ካልክም የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቁም። የካቲት 30ን «30/6/2017» ብለህ ብትጽፍ፣ ጁን 30 አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ጳጉሜን 5ን «5/13/2017» ብለህ ብታስገባ፣ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ያለ ማሽን ሜይ 13 ያደርገዋል። ከዚያ በቀን ስትደረድር ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ስለዚህ ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ለየብቻ ዓምድ ስጥ፤ ወሩን በቁጥር ጻፍ። ስትደረድር በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ይሁን። ሰኔ 30 ላይ በጀት ዓመት ሲዘጋ ታመሰግነኛለህ።

ጥያቄ፦ (መምህርት፣ መንዝ) ትምህርት ቤታችን ጥቂት ኮምፒውተሮች አሉት፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ልጆቹ ታይፒንግ ብቻ ይማራሉ። ምን እናድርግላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ወደድኩት። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን በሙሉ አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ነው፤ ያንን ማውረድ ከባድ ነው። ግን ትንንሽ ቅጂዎች አሉ፦ ያለ ሥዕል፣ ወይም የሕክምና፣ የፊዚክስ፣ የታሪክ ብቻ እየተባለ ተለይቶ። የአማርኛውም አለ፤ እሱ ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ሰው በውጭ ሃርድ ዲስክ ይዞላችሁ ይምጣ። ኮምፒውተሮቹ በኬብል ወይም በዋይፋይ ራውተር ከተገናኙ፣ አንዱ ላይ ብቻ አስቀምጠሽ ሌሎቹ ከእሱ እንዲያነብቡ ማድረግ ይቻላል።

ቀጥሎ ፌት። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው የሳይንስ ማሳያዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ዑደት መግጠም፣ አቶም መሥራት፣ ፔንዱለም ማወዛወዝ ይቻላል። በብራውዘር ይከፈታሉ፤ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ባትሪና አምፖል በመጽሐፍ ብቻ ያየ ልጅ ራሱ ሲያበራው ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል። ለሒሳብ ጂኦጀብራን ጨምሪ፤ የፓራቦላን ቁጥር ስትቀይሪ ቅርጹ ዓይናቸው ሥር ይንቀሳቀሳል። ታይፒንጉም አይቅር፤ በአማርኛም ያድርጉት።

ጥያቄ፦ (ደነባ) የልጄን የክርስትና ፎቶ በስሕተት ደመሰስኩት። ይመለሳል?

መልስ፦ ከፍላሽ ወይም ከሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ ተስፋ አለ። አሁኑኑ አውጪውና ምንም አትጻፊበት፤ አዲስ ፎቶም አታንሺበት። ሬኩቫን ወይም ፎቶሬክን ኮምፒውተሩ ላይ ጫኚ፤ የተገኘውንም እዚያው ካርዱ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጪ። ኤስኤስዲ ላይ የተደመሰሰ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጥያቄ፦ (ከብዙዎች) የትኛውን አንቲቫይረስ እንግዛ?

መልስ፦ አትግዙ። ዊንዶውስ ዲፌንደር ይበቃል። ኢንተርኔት ለሌለው ማሽን ማሻሻያውን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ (ሞላሌ) ላፕቶፔን ከስልኬ ጋር ሳገናኘው ፓኬጄን በደቂቃ ይጨርሰዋል።

መልስ፦ ዊንዶውስ አፕዴት እያወረደ ነው። በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታ የሚያስቆጥበውን) የሚለውን አብራ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርግ።

ጥያቄ፦ (ጡረተኛ፣ አንኮበር) ልጄ፣ የአካባቢያችንን ታሪክ ሳልሞት መጻፍ እፈልጋለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ የእንግሊዝኛውም ኪቦርድ ግራ ያጋባኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ኪይማን ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ያስጭኑ። በድምፁ ነው የሚጻፈው፤ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ድምፅ ካወቁ በቂ ነው። ራይተር ላይ ኮንትሮልን ይዘው የማውሱን ጎማ ሲያሽከረክሩ ጽሑፉ የፈለጉትን ያህል ይገዝፋል፤ ሲታተም ግን መጠኑ አይለወጥም። ምዕራፉን ሁሉ በአንድ ፋይል አያድርጉት። በየሳምንቱም ቅጂውን በፍላሽ አድርገው ሌላ ቤት ለሚኖር ልጅዎ ይስጡት።

ጥያቄ፦ (ጅሁር) ይህን ሁሉ ከየት ላውርድ? የእኛ ቀበሌ ኔትወርክ አይጨበጥም።

መልስ፦ ከተማ ስትወጣ አውርደህ በፍላሽ ያዘው። ሁልጊዜ ከሠሪው ከራሱ ገጽ አውርድ። ጎግል ላይ ከላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ የሚመጣውን አትክፈት፤ ስሙን አስመስለው ሌላ ነገር የሚያስጭኑ አሉ። ክሮምና ፋየርፎክስ መጀመሪያ የሚሰጡህ ትንሽ ፋይል ሲሆን ቀሪውን ሲጫን ከኢንተርኔት ይጎትታል። ቤት ስትደርስ አይሠራልህም። «ኦፍላይን» ወይም ሙሉ የሚለውን ፈልግ። በፎልደሩ ስም ላይ ያወረድክበትን ወር ጻፍ፤ በሚቀጥለው ስትወጣ ከሁሉ አስቀድመህ ብራውዘሩን በአዲስ ተካ።