የፓርቲው መሪ ወንበር ሲነቃነቅ የሚኒስትሩ ታማኝነት፦ ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ገዢ ፓርቲ በመሪው ላይ ለሁለት ሲከፈል ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ሚኒስትሮቹ ላይ ነው። ከማራኪ፣ ከፒያሳ፣ ከአራዳና ከአዘዞ የመጡት ጥያቄዎችም በዚሁ ዙሪያ ናቸው። የውጭ አገሩ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ የሕግ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ሚኒስትር ታማኝነቱ ለማን ነው? ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ወይስ ለፓርቲው?

አንዱ ሰው ሦስት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አትርሳ፤ ሚኒስትር ነው፣ የምክር ቤት አባል ሊሆን ይችላል፣ የፓርቲ አመራርም ነው። በሚኒስትርነቱ ሹመቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርቦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቅለታል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74(2)። በአንቀጽ 72(2) ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት አብረው ለወሰኑት የጋራ ኃላፊነት አለባቸው። የሕዝብ ተወካይ ከሆነ ግን በአንቀጽ 54(4) ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። በፓርቲው ውስጥ ያለውን ግዴታ የሚወስነው የፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ነው።

ይህን ሳይለዩ የሚሰነዘር ክስ ሁሉ ይምታታል። ካቢኔ የወሰነውን አደባባይ ወጥቶ የሚያፈርስ ሚኒስትር ጥፋተኛ ነው። በፓርቲ ምርጫ ለሌላ ዕጩ ድምፅ መስጠት ግን በእኔ ዓይን ክህደት አይደለም፤ ምርጫ የተባለው ለዚሁ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ «ከመሪያችን ጎን ነኝ» ብሎ በማግስቱ የሚገለበጠውን አስቀድሞ መለየት ይቻላል?

ከንግግሩ አይቻልም። የአውስትራሊያው ሊበራል ፓርቲ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 ያሳለፈው ሳምንት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ማክሰኞ 21 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ሳይታሰብ መሪነታቸውን ለድምፅ አቀረቡ፤ ፒተር ደተንን 48 ለ35 አሸነፉ። ደተን ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርነት ለቀቁ። ረቡዕ ዕለት የገንዘብ ሚኒስትሩ ስኮት ሞሪሰንና ማቲያስ ኮርማን ከተርንቡል ጎን ለካሜራ ቆሙ፤ ሞሪሰን መሪያቸውን አቅፈው «መሪዬ እሳቸው ናቸው» አሉ። ሐሙስ ጠዋት ኮርማን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ወጥተው ተርንቡል የፓርቲውን ድጋፍ አጥተዋል ብለው ተናገሩ፤ መልቀቂያም አስገቡ። አርብ ደግሞ ያቀፉት ሞሪሰን ደተንን 45 ለ40 አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

እንግዲህ ምን ይታያል? አንደኛ ጊዜው። «እደግፋለሁ» ያለ ሰው የተናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው፤ «ወንበሩ ክፍት ቢሆን አልወዳደርም» ያለው ግን ራሱን አስሯል። ሁለተኛ ፊርማው። ተርንቡል ሁለተኛ ስብሰባ ለመጥራት የ43 አባላት ፊርማ ያለበት ወረቀት እንዲቀርብላቸው ጠየቁ፤ በፓርላማ ከነበሩት 85 የፓርቲው አባላት ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ወሬ የሚያወራው ብዙ ነው፣ የሚፈርመው ጥቂት፤ እስከ አርብ የተጓተተውም ፊርማው እስኪሞላ ነው። ሦስተኛ ጓዙ። እ.ኤ.አ. 1995 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር የፓርቲ መሪነቱን ለቀው ተቀናቃኝ ካለ እንዲቀርብ ሲጋብዙ፣ ሚኒስትራቸው ማይክል ፖርቲሎ አፋቸው ታማኝ ነበር፤ ደጋፊዎቻቸው ግን ለዘመቻ ቢሮ የስልክ መስመር ሲያስገቡ ተደረሰባቸው። ጆን ሬድውድ በአንጻሩ መጀመሪያ ሚኒስትርነታቸውን ለቀቁ፣ ከዚያ ተወዳደሩ፣ 218 ለ89 ተሸነፉ። ሥርዓቱ የሬድውድ ነው።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ መሪው ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ቢጠይቅስ? እውነቱን ይነግሩታል?

ይነግሩታል፤ ለመስማት ግን ያሳምማል። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1990 በፓርቲ መሪነት ምርጫ ማይክል ሄሰልታይንን 204 ለ152 በለጡ። ደንቡ ግን ከአጠቃላዩ መራጭ 15 በመቶ የሚሆን ብልጫ ይጠይቅ ስለነበር አራት ድምፅ ጎደላቸው። በማግስቱ የካቢኔ አባሎቻቸውን ለየብቻ አስገብተው ጠየቁ። ብዙዎቹ «እኔ እደግፍዎታለሁ፣ ነገር ግን አያሸንፉም» አሉ። በ22ኛው ቀን እንደሚለቁ አስታወቁ። ለየብቻ የተጠየቀ ሰው ጓደኛውን አያፍርም፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢጠይቁ ኖሮ ምናልባት አንዱ ሌላውን እያየ «ይቀጥሉ» ይል ነበር። ደጋፊ ሆኖ ተስፋ የቆረጠውን ከጠላት መለየት የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ያው ጠያቂ)፦ የተጠረጠረውን ማባረር አይሻልም?

አንዳንዴ። የተባረረ ሚኒስትር ግን ነፃ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሲቆጥር ይውላል። ተርንቡል ማክሰኞ ዕለት መልቀቂያ ካቀረቡላቸው በርካታ ሚኒስትሮች የተቀበሉት የሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁሉንም ቢቀበሉ ተቃዋሚዎቻቸውን ራሳቸው ማደራጀታቸው ነበር። በሹመት መግዛትም ዋስትና የለውም። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2022 የገንዘብ ሚኒስትራቸው ሲለቁ ናዲም ዛሃዊን ተኩ፤ ዛሃዊ በ7ኛው ቀን ጠዋት «ይልቀቁ» የሚል ደብዳቤ በይፋ አወጡ። ሁለት ቀን አልሞላም!

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የፈረንጁ ይቅርና በእኛ አገር እንዴት ነው?

በእኛ መሪውን የሚመርጠው የፓርላማው ቡድን ሳይሆን የፓርቲው ምክር ቤት ወይም ጉባኤ ነው፤ መጠየቂያውም ግምገማ ይባላል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበር ሲመርጥ ከአራቱ ድርጅቶች 45፣ 45 ሆነው 180 አባላት ነበሩት። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ አገኙ፤ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59። ከምርጫው በፊት አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከዕጩነት አገለሉ። እንደዚያ ያለው ማግለል ከማንኛውም የድጋፍ መግለጫ በላይ ይናገራል፤ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናልና።

ሚኒስትር ሆኖ በፓርቲ ጉዳይ መለየት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የአቶ ለማ መገርሳን ነገር ውሰድ። የመከላከያ ሚኒስትር ሳሉ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የኢሕአዴግን ወደ ብልጽግና መዋሐድ እንደማይደግፉ በሬዲዮ ተናገሩ። ወዲያው አልተነሡም፤ ወራት አልፎ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በፓርቲው ታገዱ፣ በዚያው ወር ከሚኒስትርነቱም ተነሡ። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፦ የፓርቲው እገዳ ቀደመ፣ የመንግሥት ሥልጣኑ ተከተለ። ክፍፍሉ ሲከር ደግሞ «አንጃ» የሚለው ስም ይመጣል። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ሲሰነጠቅ እንደታየው፣ ያ ስም ከተለጠፈ በኋላ ስለ ሐሳቡ የሚከራከር አይገኝም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ራስ ሚካኤል ስሑልስ? ጎንደር እኮ ይህን ድሮ አይታዋለች!

አይታለች። በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ ወደ ትግራይ ተመለስ ሲሏቸው ራስ ሚካኤል እምቢ አሉ፤ ንጉሡ ተገደሉ። ያ ግን በጦር የተፈታ ነገር ስለሆነ ለፓርቲ ፉክክር ምሳሌ አላደርገውም። በድምፅ ቆጠራ መሸነፍ ትርጉም የሚኖረው የተሸነፈው ወገን ነገም በሕይወት ስለሚኖር ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ሚኒስትሩ ጎንደር ለስብሰባ ቢመጡና ማይክ ቢደርሰኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?

«ለመሪዎ ታማኝ ነዎት?» እንዳትይ፤ «አዎ» ይሉና አለቀ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚሆንና ነገ ሊመሳከር የሚችል ነገር ጠይቂ። «ወንበሩ ክፍት ቢሆን ይወዳደራሉ?» «ስብሰባ ይጠራ የሚል ወረቀት ፈርመዋል?» «ካቢኔው የወሰነውን ይህን ጉዳይ እርስዎም ደግፈውታል?» ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ከሰው ወደ ሥራ ይወስዳቸዋል፣ ተጠያቂነቱም የጋራ ነው። ማንን እንደመረጡ አትጠይቂ፤ ድምፁ ምስጢር ነው፣ መልሱንም ማንም ማረጋገጥ አይችልም። «አሁን ጊዜው አይደለም» ካሉ ያንኑ ጥያቄ ቃል ሳትቀይሪ ድገሚው፤ ቃል ከቀየርሽ አዲሱን መልሰው አሮጌውን ያልፉታል። የተናገሩትን እንዳለ ጻፊ፣ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም፤ የኮርማንን የረቡዕ ድጋፍ ከሐሙሱ መልቀቂያ የለየው አንድ ሌሊት ነበር።