ስለ ቶማስ ዋንጫ የጠየቃችሁኝ

ቶማስ ዋንጫ የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የሚፋለሙበት ዓለም አቀፍ የባድሚንተን ውድድር ነው። የመጡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቶማስ ማን ነው? ገንዘብ ያወጣ ባለሀብት ነው?

ተጫዋች ነበር። እንግሊዛዊው ሰር ጆርጅ ቶማስ ከ1920 እስከ 1923 በኦል ኢንግላንድ የባድሚንተን ውድድር የነጠላውን (የአንድ ለአንድ) ድል በተከታታይ ወስዷል። በቼዝም ሁለት ጊዜ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆኗል። ዓለም አቀፉ የባድሚንተን ፌዴሬሽን በ1934 ሲቋቋም ፕሬዚዳንቱ እሱ ነበር። ውድድሩን ያሰበው በ1939 ቢሆንም ጦርነቱ መጣና የመጀመሪያው ፍጻሜ እስከ 1949 ዘገየ።

ጥያቄ፦ ያንን እንግሊዝ ወሰደችው?

አልወሰደችም፤ እስከ ዛሬም አንስታው አታውቅም። እንግሊዝ ውስጥ ፕሬስተን ላይ ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ) ዴንማርክን ከዘጠኝ ጨዋታ 8 ለ 1 አሸነፈች። በ1952 እና በ1955ም ደገመች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጃካርታ ላይ ተቋርጦ ቀረ የሚባለው ፍጻሜ እውነት ነው?

እውነት ነው ልጄ። በዚህ ውድድር ታሪክ እንደ 1967ቱ የሚያሳዝነኝ የለም። ኢንዶኔዥያ ከ1958 ጀምሮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋ በአገሯ ነው የምትጫወተው። ማሌዥያ የመጀመሪያውን ቀን 3 ለ 1 መራች። በማግስቱ ኢንዶኔዥያ አገግማ የማሌዥያን መሪነት ወደ 4 ለ 3 አጠበበች። በስምንተኛው ጨዋታ፣ ጥንዶች ሜዳ ላይ እያሉ፣ የተመልካቹ ጩኸት ከልክ አለፈና ዋና ዳኛው ኸርበርት ሺል ጨዋታውን አስቆመ። ፌዴሬሽኑ ቀሪው በኒውዚላንድ ይካሄድ ቢል ኢንዶኔዥያ እምቢ አለች፤ ዋንጫው በ6 ለ 3 ለማሌዥያ ተሰጠ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ በጩኸት መካከል የሚመዘገብ ነጥብ የማንንም ችሎታ አያሳይም። በ1970 ግን ኢንዶኔዥያ ኳላላምፑር ድረስ ሄዳ ማሌዥያን 7 ለ 2 ረታች። ከዚያ የተሻለ መልስ የለም!

ጥያቄ፦ ቻይናስ መቼ ገባች?

በ1982፣ ለንደን ላይ። የመጀመሪያ ተሳትፎዋ ነበር። በፍጻሜው በኢንዶኔዥያ 3 ለ 1 ስትመራ አድራ በማግስቱ 5 ለ 4 አሸነፈች። እስከ 2024 ድረስ ኢንዶኔዥያ 14፣ ቻይና 11 ጊዜ ወስደዋል።

ጥያቄ፦ ሊ ቾንግ ዌይን የመሰለ ተጫዋች ይዛ ማሌዥያ ለምን አቃታት?

እስከ 1982 ፍጻሜው ዘጠኝ ጨዋታ ነበረው፤ ሁለቱ ምርጥ ነጠላ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይሰለፉ ነበር። ከ1984 ወዲህ ሦስት ነጠላና ሁለት ጥንድ ብቻ ሆነ፤ ሦስት ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። ኮከቡ በነጠላ አንዴ ብቻ ይጫወታል፤ የቀረውን ጓደኞቹ ያምጡት። በ2014ቱ ፍጻሜ ሊ የራሱን በቀላሉ አሸነፈ፤ ዋንጫው ግን 3 ለ 2 ለጃፓን ሆነ። ይህን ውድድር የምወደው በዚሁ ነው፤ አገር በአንድ ሰው አይሻገርም።

ጥያቄ፦ የሕንድ ድል ዕድል ነው ወይስ አቅም?

አቅም ነው እህቴ። በ2022 ባንኮክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ደርሳ የወቅቱን ባለዋንጫ ኢንዶኔዥያን 3 ለ 0 ረታች። ላክሽያ ሴን የመጀመሪያውን ጌም (ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደ ጨዋታውን ያሸንፋል) 21 ለ 8 ተሸንፎ ተነሣ። ጥንዶቹ ሳትዊክና ቺራግም በመጀመሪያው ተሸንፈው ሁለተኛውን 23 ለ 21፣ ሦስተኛውን 21 ለ 19 ወሰዱ። ስሪካንት በሁለት ጌም ዘጋው። በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ነጥብ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ ማሸነፍ የልምምድ ፍሬ ነው።

ጥያቄ፦ አፍሪካ የለችበትም?

አለች። አልጄሪያ በ2022 እና በ2024 በዋናው ውድድር ተሰልፋለች።

ጥያቄ፦ የሴቶቹስ?

ኡበር ዋንጫ ይባላል፤ በእንግሊዛዊቷ ተጫዋች ቤቲ ኡበር የተሰየመ ነው። በ1957 ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች የወሰደችው አሜሪካ ናት። ከ1984 ጀምሮ ከቶማስ ዋንጫ ጋር በየሁለት ዓመቱ አንድ ላይ ይካሄዳል።