ከደሴ ሆኖ የባሕር እንስሳትን ዓይን ማጥናት ይቻላል?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የ3ኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ ቀለም የሚያይበትን መንገድ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ መምህርሽ ግን «ባሕር የለንም፣ ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ብለውሻል። ለማስተርስ ያዘጋጀሽውን የአንድ ገጽ ማመልከቻም ልከሽልናል።

ከገጹ እንጀምር፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጥልሽ እሱ ነው። «12 ዓይነት ቀለም ተቀባይ ስላለው ከሰው በብዙ እጥፍ ቀለም ይለያል» ብለሻል። 12ቱ ልክ ነው፤ የቀረው ስህተት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት እንስሳቱን በምግብ አለማምዶ ሲፈትናቸው፣ የሁለት ቀለማት ልዩነት ከ12 እስከ 25 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፤ ቀለሙን የሚወስነው ይህ ርዝመት ነው) ካልደረሰ መለየት አቅቷቸዋል። ለሰው ዓይን ከ1 እስከ 5 ናኖሜትር ይበቃዋል። ይህን የሚያውቅ ፕሮፌሰር ሁለተኛውን አንቀጽ አያነብልሽም።

በቦታው ሌላ ጥያቄ አስገቢ። በ2001 እ.ኤ.አ. ክሮኒን፣ ካልድዌልና ማርሻል ሃፕቶስኩዊላ ትሪስፒኖሳ ስለተባለው የማንቲስ ሽሪምፕ ዝርያ «ኔቸር» ላይ ያወጡትን ሥራ ፈልገሽ አንብቢ። ውሃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ይውጣል፤ በጠራ ባሕር ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የሚተርፈው 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ነው። በዚህ እንስሳ ዓይን ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ተቀባዩ ጋር ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ባለቀለም ማጣሪያዎች አሉ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚኖረው፣ ወይም በቤተ ሙከራ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ያደገው፣ ማጣሪያዎቹ ወደ አጭር ሞገድ፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው ወገን፣ የተጠጉ ናቸው። ባይሆኑ ኖሮ ቀይ ተቀባዩ ጋር የሚደርስ ብርሃን እምብዛም አይኖርም ነበር። በተቀባዩ ውስጥ ብርሃኑን የሚይዘው ንጥረ ነገር (ፒግመንት) ራሱ ግን አልተለወጠም። እንግዲህ ጥያቄሽ «ስንት ቀለም ያያል?» መሆኑ ቀርቶ «ከብርሃኑ ጋር የሚለወጠው የዓይኑ የትኛው ክፍል ነው?» ይሁን።

ወደ «ባሕር የለንም» ስንመጣ፣ መምህርሽ ስለ ማንቲስ ሽሪምፑ ልክ ናቸው። ግን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ አለ፤ በውስጡም የሽሪምፕ የሩቅ ዘመዶች የሆኑ ኮፔፖዶች የሚባሉ ደቃቅ እንስሳት አሉ። ከዚያ ወገን በደንብ የተጠናችው የውሃ ቁንጫዋ ዳፍኒያ ማግና በ348፣ በ434፣ በ525 እና በ608 ናኖሜትር ላይ የሚነቁ አራት ተቀባዮች አሏት፤ ከአልትራቫዮሌት ትሸሻለች፣ ወደሚታየው ብርሃን ትዋኛለች። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሐይቁ ኮፔፖዶች ወደ የትኛው ቀለም ይሄዳሉ፣ በሚኖሩበት ጥልቀትስ የትኛው ቀለም ይደርሳቸዋል የሚለው ይበቃል።

ብርሃኑን ለመለካት ኤኤስ7341 የተባለውን አነስተኛ የብርሃን ሴንሰር አርዱዊኖ ከተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አገናኚ። ከ415 እስከ 680 ናኖሜትር ባሉ ስምንት ቦታዎች ያነባል። ውሃ በማያስገባ ጥርት ያለ ብልቃጥ ውስጥ አሽጊው፤ ፊቱ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ቴፕ ዘርጊበት፣ ያለዚያ ብልቃጡ ዘንበል ባለ ቁጥር ቁጥሩ ይዘላል። ከቀኑ 5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኪ። ሴንሰሩ ከታንኳው ፀሐይ በሚመታበት ጎን ይውረድ፤ የውሃውን ጥራት የምትለኪበት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ የሴኪ ሰሌዳ ግን በጥላው በኩል ነው የሚወርደው። ደመና ስለሚያታልል ከእያንዳንዱ ጥልቀት ንባብ በፊትና በኋላ የውሃውን ገጽ መልሰሽ ለኪ። ንባቡ ጣሪያ ከነካ የሴንሰሩን ጌይን (ንባቡን የሚያጎላበትን መጠን) ቀንሺ፣ የቀነስሽበትንም መጠን ጻፊ።

ቀጥሎ ኮፔፖዶቹ ወደ የትኛው ቀለም እንደሚሄዱ በሰማያዊና በቀይ የኤልኢዲ መብራት ትፈትኛለሽ። አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፦ የሁለቱን ብርሃን እኩል ለማድረግ ሉክስ ሜትር ይጠቀማል። ሉክስ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። በሉክስ እኩል ያደረግሻቸው የ450 ናኖሜትር ሰማያዊና የ630 ናኖሜትር ቀይ በፎቶን (በብርሃን ቅንጣት) ሲቆጠሩ ሰማያዊው የቀዩን 5 እጥፍ ያህል ይሆናል። ኮፔፖዶቹ ወደ ሰማያዊው ቢሮጡ ቀለሙን መርጠው ይሁን ብዛቱን አታውቂም። ስለዚህ በፎቶን አስተካክዪ፤ ብርሃን ስትቀንሺ ኤልኢዲውን አርቂው እንጂ ባለቀለም ፕላስቲክ አትጋርጂበት። እንስሳቱን ከሙከራው በፊት 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዪ። መብራቶቹንም በየዙሩ ከግራ ወደ ቀኝ አቀያይሪ፤ ሁለቱም የጠፉበት ዙርም ይኑርሽ።

ሥራን በሚመለከት እንቅጩን እንንገርሽ፤ «የሽሪምፕ ዓይን ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በአገራችን አትጠብቂ። የሚፈለገው ብርሃን መለካት የሚችል ሰው ነው። ሰበታ ያለው የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አንዱ በር ነው። ሌላው ከተራራው ሥር ኮምቦልቻ ነው፦ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ቀለምን የሚያመሳስለው ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ በሚለካ መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ ነው። በፍሎረሰንት መብራት አንድ የመሰሉ ሁለት ጨርቆች ደጅ ፀሐይ ላይ የሚለያዩበት ምክንያትና የአንቺ ሽሪምፕ ጉዳይ አንድ ፊዚክስ ነው፤ ዓይን የሚደርሰው ቀለም በሚያበራው ብርሃን ይወሰናል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ክፍል ሄደሽ መሣሪያው ካለ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።

ለማስተርስ የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው የባሕር ባዮሎጂ የጋራ ፕሮግራም አለ። ከሐይቅ ጥናት መቀጠል ከፈለግሽ የኦስትሪያው ቦኩ፣ የኬንያው ኤገርተንና የኔዘርላንዱ አይኤችኢ ዴልፍት አብረው የሚሰጡት የሊምኖሎጂ (የሐይቅና የመሰል ውሃዎች ጥናት) ፕሮግራም ይስማማሻል። የእንስሳት ዓይን ላይ የሚሠሩ ቡድኖች በስዊድኑ ሉንድና በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ስትጽፊላቸው ደብዳቤሽ ከ200 ቃል አይለፍ፤ ከሐይቁ የለካሽውን አንድ ግራፍ አያይዢ።

ወደ ሐይቅ ከመውረድሽ በፊት ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ያዢ። የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ታንኳ የምትይዢበትን ዳርቻ በሌላ በኩል ምረጪ። ናሙናውን በሐይቁ ውሃ ጀሪካኑ ግማሽ እስኪሞላ ብቻ ቅጂ፤ ጠርዙ ድረስ ከሞላ አየር ያጥራቸዋል። ሚኒባሱ ላይ ሞተሩ አጠገብ አታስቀምጪው፤ ደሴ ሳትደርሺ ያልቃሉ።